አሲዳማ አፈርን ለሩዝ ልማት ማሻሻል፦ ከአፈር ምርመራ እስከ ኖራ አጨማመር

አሲዳማ አፈርን ስለማከም የሚሰጡ ምክሮች አብዛኛዎቹ የስንዴን፣ የበቆሎን ወይም የባቄላን ማሳ ታሳቢ አድርገው የተዘጋጁ ናቸው። እነዚህን ምክሮች እንዳሉ ወስዶ በሩዝ ማሳ ላይ መተግበር ለማያስፈልግ ወጪ ይዳርጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ምርት ይቀንሳል። ሩዝ በአሲዳማ አፈር ውስጥ የሚሟሟውንና ሥርን የሚጎዳውን የአልሙኒየም መርዛማነት በመቋቋም ከእህል ሰብሎች ሁሉ ከጠንካሮቹ የሚመደብ ሲሆን፣ ውሃ የተኛበት አፈር ደግሞ አሲዳማነቱን በራሱ ጊዜ የማለዘብ ባሕርይ አለው። በመሆኑም ይህ መመሪያ ኖራ ከመግዛት ሳይሆን ማሳው ውሃውን እንዴት እንደሚያገኝና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ ከማወቅ ይጀምራል፤ የማሻሻያው ዓይነትና መጠን የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

አንደኛ፦ የማሳውን የውሃ ሁኔታ መለየት

አፈር በውሃ ሲሸፈን በውስጡ የነበረው ኦክስጅን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በአፈሩ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕዋሳት ለመተንፈሻ የሚጠቀሙት በቅድሚያ ናይትሬትን፣ ቀጥሎ የማንጋኒዝ ኦክሳይድን፣ ከዚያም የብረት ኦክሳይድን ነው። በተለይ የብረት ኦክሳይድ ወደ ሚሟሟ ብረት ሲለወጥ አሲድነትን የሚፈጥሩትን የሃይድሮጂን አዮኖች ስለሚጠቀም የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበዛል) ከፍ ይላል። በዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት የአፈር ሳይንቲስት ፊሊክስ ፖናምፔሩማ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ በስፋት እንዳብራሩት፣ አሲዳማ አፈር በውሃ ተሸፍኖ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ፒኤቹ ወደ 6.5 እና 7 የመጠጋት ዝንባሌ አለው። በዚህ ጊዜ አልሙኒየም ከሙሙት፣ ማለትም ከአፈሩ ውሃ፣ ወጥቶ ይዘቅጣል፤ በብረት ተይዞ የነበረው ፎስፎረስም በከፊል ተለቅቆ ለተክሉ ይደርሳል።

ከዚህ አንጻር የሩዝ ማሳዎችን በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው ውሃ ሳይተኛበት በዝናብ ብቻ የሚለማው ደረቅ ማሳ ነው፤ የአሲዳማነት ችግር በዋናነት የሚታየውና ኖራ ተገቢውን ጥቅም የሚሰጠውም በዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው በክትር ታጥሮ የዝናብ ውሃ የሚይዝ፣ ዝናብ ሲቋረጥ ግን የሚደርቅ ማሳ ነው፤ እዚህ ላይ ፒኤች ከፍ ዝቅ ስለሚል ሰብሉ በደረቁ ሳምንታት ይጎዳል፣ መካከለኛ መጠን ያለው ኖራም ይጠቅመዋል። ሦስተኛው በመስኖ ወይም በወንዝ ሙላት ዘወትር ውሃ የሚተኛበት ማሳ ሲሆን፣ በዚህ ላይ ፒኤችን ለማሳደግ ብቻ ተብሎ የሚበተን ኖራ ብዙ ጊዜ የባከነ ገንዘብ ነው። በሦስተኛው ማሳ ላይ ትኩረት የሚሹት የብረት መርዛማነት፣ የፎስፎረስ፣ የፖታሲየምና የዚንክ እጥረት ናቸው።

የአፈሩ ፒኤች በውሃ ውስጥ ከፍ የሚለው ግን በሁሉም ማሳ በእኩል ፍጥነት አይደለም። የብረት ኦክሳይድም ሆነ ብስባሽ ያነሰው አፈር በዝግታ ይለወጣል፤ ከባሕር ዳርቻ ደለል የተፈጠረውና ሰልፈር የበዛበት አፈር ደግሞ ለወራት ውሃ ተኝቶበትም ላይሻሻል ይችላል። ስለዚህኛው አፈር ከታች ለብቻው ተጽፏል፤ አያያዙ ከሌላው ፈጽሞ ይለያል።

ሁለተኛ፦ ናሙና መውሰድና ማስመርመር

ናሙና የሚወሰደው ማሳው ደረቅ ሳለ፣ ከእርሻ በፊት፣ ከመዝሪያው ጊዜ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ወር ቀድሞ ነው። ማሳውን በአፈሩ ቀለም፣ በተዳፋትነቱና ባለፈው ሰብል አበቃቀል ለይቶ ከየክፍሉ የተለየ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ በዚግዛግ እየሄዱ ከ15 እስከ 20 ከሚደርሱ ቦታዎች ከገጽ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እኩል መጠን ያለው አፈር ይወሰዳል። ክትሩ አጠገብ፣ ገለባ በተቃጠለበት፣ ፍግ በተከመረበት ወይም ኩይሳ ባለበት ቦታ የሚወሰድ አፈር ውጤቱን ያሳስታል። የተሰበሰበው አፈር በንጹሕ ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ተቀላቅሎ ግማሽ ኪሎ ያህሉ በጥላ ሥር ይደርቃል፤ ባልዲው ማዳበሪያ ወይም ኖራ ተይዞበት የነበረ መሆን የለበትም።

ብዙ አምራቾች ፒኤችን ብቻ አስለክተው ይመለሳሉ። ፒኤች ስለ ችግሩ መኖር ይናገራል እንጂ ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልግ አይናገርም፤ ፒኤቻቸው አንድ ዓይነት የሆነ አሸዋማና ሸክላማ አፈሮች የሚፈልጉት የኖራ መጠን በብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ላብራቶሪው በተጨማሪ ሊለዋወጥ የሚችለውን የአልሙኒየም መጠን፣ ለተክል የሚደርሰውን ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምን፣ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምን፣ ዚንክንና የኦርጋኒክ ካርቦንን መጠን እንዲለካ መጠየቅ ይገባል። ፒኤቹ የተለካው በውሃ ይሁን በካልሲየም ክሎራይድ ሙሙት መጠየቅም አስፈላጊ ነው፤ በሁለተኛው መንገድ የሚገኘው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ አሃድ ያህል ዝቅ ይላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት የፒኤች ቁጥሮች በሙሉ በውሃ የተለኩ ናቸው።

ሦስተኛ፦ ውጤቱን ማንበብ

ፒኤቹ 5.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በአፈሩ ሙሙት ውስጥ የሚገኘው አልሙኒየም እጅግ ጥቂት ነውና ለሩዝ ተብሎ ኖራ አይጨመርም። ከ5.0 እስከ 5.5 ባለው ውስጥ የደረቅ ማሳ ሩዝ ከኖራ ይልቅ ለፎስፎረስ ማዳበሪያ የተሻለ ምላሽ ይሰጣል፤ ኖራ የሚያስፈልገው ሩዙ ከባቄላ፣ ከአኩሪ አተር ወይም አሲድ ከማይወድ ሌላ ሰብል ጋር የሚፈራረቅ ከሆነ ነው። ከ5.0 በታች ሲሆን የአልሙኒየሙ መጠን ሳይታወቅ ውሳኔ መስጠት አይቻልም። የደረቀው አፈር ፒኤች ከ4 በታች ከወረደና በተለይም ቢጫ ነጠብጣብ ከታየበት ሰልፈር የበዛበት አፈር እንዳይሆን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የላብራቶሪው ውጤት ሰብሉ ላይ ከሚታየው ምልክት ጋር መመሳከር ይኖርበታል። አልሙኒየም በመጀመሪያ የሚጎዳው ሥርን ነው፤ ተክሉ በጥንቃቄ ተቆፍሮ ሲታይ ሥሮቹ አጫጭር፣ ወፋፍራምና ቡናማ ሆነው ቀጫጭን ቅርንጫፎች የሌሏቸው ሆነው ይገኛሉ። የፎስፎረስ እጥረት ያለበት ሩዝ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ጠባብና ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፣ ከአንድ ሥር የሚያወጣው ግንድም ያንሳል። ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ በጥቃቅን ቡናማ ነጥቦች ከተሞሉና ቅጠሉ ቀስ በቀስ የመዳብ ቀለም እየያዘ ከሄደ፣ ሥሩም በጥቁር ቡናማ ዝገት ከተሸፈነ ችግሩ የብረት መርዛማነት ነው። የዚንክ እጥረት ከዚህ ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ መለያው ችግኝ ከተተከለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ መታየቱና የለጋ ቅጠሎች መሐል ጅማት ከሥሩ በኩል መገርጣቱ ነው። ሁለቱን ማምታታት ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ኖራ የብረትን ጉዳት ሲቀንስ የዚንክን እጥረት ግን ያባብሳልና።

አራተኛ፦ ተስማሚውን ማሻሻያ መምረጥ

አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ለያዡ አደገኛ አይደለም፣ ውጤቱም ለዓመታት ይቆያል። በምርመራው ማግኒዚየም አነስተኛ ሆኖ ከተገኘ ማግኒዚየም ያለበት የዶሎማይት ኖራ ይመረጣል፤ ንጹሕ ዶሎማይት አሲድን የማርከስ አቅሙ ከንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት በ9 በመቶ ያህል ይበልጣል። የተቃጠለ ኖራና በውሃ የተገደለ ኖራ ይበልጥ ኃይለኞች ናቸው፦ የካልሲየም ካርቦኔት አቅም 100 ቢባል የተገደለው ኖራ 135፣ ያልተገደለው (የተቃጠለው) 179 ይሆናል። እነዚህ በፍጥነት የሚሠሩ ቢሆኑም ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላሉ፣ በመጠን አጠቃቀምም ስሕተትን አይምሩም። ጊዜ የሚያጣድፍ ካልሆነ በቀር ለማሳ የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ይሻላል።

ኖራ ሲገዛ ሁለት ነገሮች ይታያሉ፤ አንዱ አሲድ የማርከስ አቅሙ በመቶኛ፣ ሌላው የአፈጫጨቱ ልመት ነው። በ0.25 ሚሊ ሜትር ወንፊት የሚያልፈው ብናኝ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ በሙሉ ሊሠራ የሚችል ሲሆን፣ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ጠጠር ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም። ርካሽ ሆኖ ግማሹ ጠጠር የሆነ ኖራ በውጤቱ ሲሰላ ውድ ነው፤ የማጓጓዣው ወጪ ለጠጠሩም ይከፈላልና። ሻጩ የምርመራ ወረቀት ከሌለው ቢያንስ ከምርቱ ጥቂት ወስዶ በወንፊት መንፋትና ኮምጣጤ አንጠባጥቦ መፍላቱን ማየት ይቻላል፤ ዶሎማይት ግን ኖራ ሆኖም ቢሆን ደከም ብሎ ነው የሚፈላው።

ጂፕሰም ወይም ጀሶ ብዙ ጊዜ ከኖራ ጋር ይምታታል። ጂፕሰም ፒኤችን አያሳድግም። ጥቅሙ በቀላሉ ሟሟቶ ወደ ታችኛው የአፈር ንብርብር በመውረድ ካልሲየም ማድረሱና በጥልቀት ያለውን የአልሙኒየም ጉዳት መቀነሱ ነው፤ ስለዚህ ሥሩ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች እንዲወርድ በሚፈለግበት ደረቅ ማሳ ከኖራ ጋር ሊረዳ ይችላል። ዘወትር ውሃ በሚተኛበት ማሳ ላይ ግን ባይጨመር ይመረጣል፤ በውስጡ ያለው ሰልፌት ኦክስጅን በሌለበት አፈር ሥርን ወደሚመርዝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሊለወጥ ይችላል።

ካልሲየም ሲሊኬት የያዙ ማሻሻያዎች፣ በተለይም ከብረት ማቅለጫ የሚወጣው ዝቃጭ ተፈጭቶ ሲዘጋጅ፣ ለሩዝ የተለየ ጠቀሜታ አላቸው። አሲድን እንደ ኖራ ከማርከሳቸውም ሌላ ሲሊኮን ይሰጣሉ፤ ሩዝ ደግሞ ከማንኛውም ዋና የእህል ሰብል በላይ ሲሊኮን የሚወስድ ተክል ነው። በቂ ሲሊኮን ያገኘ ሩዝ ግንዱ ይጠነክራል፣ አይጋሽብም፣ ቅጠልን ለሚያደርቀው የፈንገስ በሽታም በቀላሉ አይሸነፍም። በጃፓን ይህ ዝቃጭ በሩዝ ማሳዎች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ዝቃጩ ከመገዛቱ በፊት ጎጂ ከባድ ብረቶች እንደሌሉበት የሚያረጋግጥ ምርመራ መቅረብ አለበት።

ለአነስተኛ አምራች በቅርቡ የሚገኙት ግን የቤትና የማሳ ተረፈ ምርቶች ናቸው። የእንጨት አመድ ፒኤችን ያሳድጋል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል፤ ሆኖም አቅሙ እንደ እንጨቱና እንደ አቃጠሉ ስለሚለያይ ከተፈጨ ኖራ ግማሽ ያህል አቅም እንዳለው አድርጎ መገመትና በጥቂቱ መጀመር ይበጃል። የሩዝ ፍሬ ቅርፊት አመድ አብዛኛው ክፍሉ ሲሊካ ስለሆነ ለሲሊኮን እንጂ ለማርከስ አይታሰብም። በአነስተኛ አየር ተቃጥሎ ከሰል የተደረገው ቅርፊት፣ ማለትም ባዮቻር፣ ፒኤችን በመጠኑ ያሳድጋል፣ ንጥረ ነገሮችንም ይይዛል፤ ነገር ግን በሄክታር በርካታ ቶን ስለሚፈልግ ከችግኝ መደብ ወይም ከትንሽ ማሳ ባለፈ አቅርቦቱ አይበቃም።

በሚገባ የበሰለ ኮምፖስትና ፍግ የአልሙኒየምን መርዛማነት በሌላ መንገድ ይቀንሳሉ። በውስጣቸው ያሉት ኦርጋኒክ ውሁዶች አልሙኒየሙን አጥብቀው ስለሚይዙት ፒኤቹ ብዙም ሳይለወጥ ሥሩ እፎይታ ያገኛል። በሄክታር ከ5 እስከ 10 ቶን ኮምፖስት መጨመር ኖራ ለማይደርሰው አምራች ከሁሉ የተሻለ መነሻ ነው። ያልበሰለ ጭድ ግን ውሃ ሊተኛበት በተቃረበ ማሳ ውስጥ መቅበር አደገኛ ነው። ጭዱ በውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦርጋኒክ አሲዶችን ያወጣል፣ የብረትንም መሟሟት ያፋጥናል፤ በብረት በበለጸገ አፈር ላይ ይህ ችግኙን ያቃጥላል። ጭዱ ማሳው ደረቅ ሳለ፣ ውሃ ከመግባቱ ሦስትና አራት ሳምንት በፊት ከአፈሩ ጋር ተገልብጦ አየር እያገኘ እንዲበሰብስ መደረግ አለበት። ጭዱን ከማሳው አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይሆንም፤ ሩዝ ከአፈር ከሚወስደው ፖታሲየም አብዛኛው የሚገኘው በጭዱ ውስጥ ነው።

የፎስፌት ድንጋይ ዱቄት በዚህ ዝርዝር ውስጥ ለየት ያለ ቦታ አለው። ይህ ማዳበሪያ የሚሟሟው በአሲድ ስለሆነ ፒኤቹ ከ5.5 በታች በሆነ አፈር ላይ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር ሊወዳደር ይችላል። ከኖራ ጋር በአንድ ጊዜ ከተጨመረ ግን ኖራው የሚያሟሟውን አሲድ ያጠፋበታል። ስለዚህ የፎስፌት ድንጋዩ ቀድሞ፣ ማሳው ደረቅና አሲዳማ ሳለ ይቀበራል፤ ኖራው ከሳምንታት በኋላ ወይም በቀጣዩ ወቅት ይከተላል።

አምስተኛ፦ የኖራውን መጠን ማስላት

ለሩዝ ኖራ የሚሰላው ፒኤችን 6.5 ለማድረስ አይደለም። ዓላማው ጎጂውን አልሙኒየም መቀነስ ብቻ ነው፤ ለዚህም ስሌቱ ከአልሙኒየሙ መጠን ይነሳል። በአንድ ኪሎ ግራም አፈር ውስጥ ያለን 1 ሴንቲሞል (ላብራቶሪው የሚጠቀምበት መለኪያ) አልሙኒየም፣ በኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ሲለካ፣ ለማርከስ በስሌት 0.5 ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል። ካምፕራዝ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረቡት አሠራር ይህንን በ1.5 ያበዛዋል፤ ምክንያቱም ከኖራው ከፊሉ አልሙኒየም ባልሆነ ሌላ አሲድ ላይ ያልቃል። አልሙኒየምን የሚቋቋም የሩዝ ዝርያ ብቻ ለሚዘራበት ማሳ ማባዣው 1 ቢሆን ይበቃል፤ ጥራጥሬ ለሚፈራረቅበት 1.5 ወይም 2 ይወሰዳል።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የማሳው አልሙኒየም 1.8 ሴንቲሞል ነው፤ ኖራው እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀላቀላል፤ አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1,200 ኪሎ ይመዝናል። የአንድ ሄክታር አፈር ክብደት 10,000 ሲባዛ በ0.15 ሲባዛ በ1,200፣ ማለትም 1,800,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለአንድ ኪሎ ግራም አፈር የሚያስፈልገው 1.8 ሲባዛ በ0.5 ሲባዛ በ1.5፣ ማለትም 1.35 ግራም ነው፤ ለሄክታሩ 2,430 ኪሎ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ይመጣል። የተገዛው ኖራ የማርከስ አቅሙ 90 በመቶ፣ በልመቱ ደግሞ 80 በመቶው የሚሠራ ከሆነ ትክክለኛ አቅሙ 0.9 ሲባዛ በ0.8፣ ማለትም 72 በመቶ ነው። 2,430 ለ0.72 ሲካፈል 3,375 ኪሎ ግራም ወይም 34 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ማባዣው 1 ቢሆን ኖሮ 22 ኩንታል ተኩል ይበቃ ነበር። በማሻሻያው ውሳኔ ላይ የሰብል ፈረቃው ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይህ ልዩነት ያሳያል።

ገንዘቡ ወይም ኖራው በአንድ ጊዜ ካልተሟላ መጠኑን በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ከፋፍሎ መጨመር ይቻላል። አሸዋማ አፈር ላይ መከፋፈሉ አቅም ቢኖርም ይመረጣል፤ እንዲህ ያለው አፈር ለውጥን የመቋቋም አቅሙ ደካማ ስለሆነ ፒኤቹ በአንድ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ሊዘል ይችላል። ፒኤች ከመጠን በላይ ከፍ ሲል ዚንክ፣ ማንጋኒዝና ብረት ለሥሩ አይደርሱም፤ የተረፈው ኖራ ደግሞ ከማሳ አይለቀምም።

ስድስተኛ፦ መበተንና ማቀላቀል

በደረቅ ማሳ ላይ ኖራው ከዘር ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድሞ ይበተናል፤ ውሃ በሚተኛበት ማሳ ላይ ደግሞ ውሃ ከመግባቱና አፈሩ ከመቡካቱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቀድሞ። ኖራ በደረቀ አፈር ውስጥ ስለማይሠራ አፈሩ እርጥበት ሊኖረው ይገባል፤ በጣም ከጨቀየ ግን ኖራው ተጓጉሎ ይቀራል።

እኩል መበተን ከመጠኑ ስሌት ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ማሳው በገመድና በካስማ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይከፈላል። በምሳሌያችን ለእያንዳንዱ ክፍል 33.75 ኪሎ ይመዘናል፤ ግማሹ በቁመት፣ ግማሹ በአግድም እየተሄደ ይበተናል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ መሥራት ብናኙ ጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይባክን ይረዳል። በታኙ አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል፣ መነጽር፣ ጓንትና እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ያደርጋል። ያልተገደለ ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይታሽ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

የተበተነው ኖራ በዚያው ቀን በእርሻ ይገለበጣል። ኖራ በአፈር ውስጥ ወደ ጎንም ወደ ታችም እጅግ በዝግታ ስለሚንቀሳቀስ የሚሠራው በነካው አፈር ላይ ብቻ ነው፤ በገጹ ላይ የቀረ ኖራ ሥሩ የሚገኝበትን አፈር አይደርስም። ግማሹን ከመጀመሪያው እርሻ በፊት፣ ግማሹን ከማለስለሻው እርሻ በፊት መበተን ከሁሉ የተሻለ ውህደት ይሰጣል።

ሰባተኛ፦ ማዳበሪያውንና ውሃውን ከማሻሻያው ጋር ማስማማት

ዩሪያም ሆነ አሞኒየም ያለባቸው ማዳበሪያዎች ከኖራ ጋር ተቀላቅለው ወይም በዚያው ሰሞን አይበተኑም፤ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ይበናል። ኖራው ከተቀበረ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። የፎስፎረስ ማዳበሪያ በደረቅ ማሳ ላይ ከመበተን ይልቅ በመሥመር ከዘሩ አጠገብ ቢቀበር አፈሩ ይዞ እንዳያስቀረው ይረዳል። የዚንክ እጥረት በምርመራ ከታየ በሄክታር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ዚንክ በዚንክ ሰልፌት መልክ ይሰጣል፤ ወይም የችግኙ ሥር ከመተከሉ በፊት 2 በመቶ የዚንክ ኦክሳይድ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይነከራል።

የብረት መርዛማነት በሚታይበት ማሳ ላይ ከኖራ ይልቅ የውሃው አያያዝ ይፈውሳል። የሚሟሟው ብረት ከፍተኛ መጠን ላይ የሚደርሰው ውሃ ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ስለሆነ ችግኙን ውሃ ከገባ ከ10 እስከ 20 ቀን አዘግይቶ መትከል ከከፋው ጊዜ ያስመልጠዋል። ችግኙ ከተተከለ ከ25 እስከ 30 ቀን ሲሆነው ውሃው ይጠነፈፍና አፈሩ ሳይሰነጠቅ እርጥበቱን እንደያዘ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል። አየር ሲገባ የተሟሟው ብረት መልሶ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል። ማሳው ከተዳፋት ግርጌ ከሆነ ብረቱ ከላይ ከሚሰርገው ውሃ ጋር እየመጣ ይሆናልና በማሳው የላይኛው ጠርዝ ውሃውን የሚቀይስ ቦይ መቆፈር ከማንኛውም ማሻሻያ ይበልጣል። ፖታሲየም ያጠረው ሩዝ ብረትን የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም ፖታሲየምም አብሮ መሟላት አለበት።

ሰልፈር የበዛበት አሲዳማ አፈር

በሜኮንግ ወንዝ ደለላማ ሜዳና በምዕራብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ረግረጎች በስፋት የሚገኘው ይህ አፈር በውስጡ ፓይራይት የተባለ የብረትና የሰልፈር ማዕድን ይዟል። ፓይራይቱ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም። ውሃው ሲጠነፈፍና አየር ሲያገኝ ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፤ ፒኤቹም ከ3.5 በታች ሊወርድ ይችላል። ከአፈሩ ጥቂት ወስዶ እርጥበቱን እንደያዘ ለስምንት ሳምንት ያህል አየር ላይ ማቆየትና ፒኤቹን በፊትና በኋላ መለካት ቀላል መለያ ነው፤ ከ4 በታች ከወረደ ጥርጣሬው ተረጋግጧል።

እንዲህ ያለውን አፈር በኖራ ብቻ ለማከም በሄክታር በአሥር የሚቆጠር ቶን ሊያስፈልግ ስለሚችል ስሌቱ አያዋጣም። ቀዳሚው እርምጃ የከርሰ ምድር ውሃው ፓይራይት ካለበት ንብርብር በታች እንዳይወርድ ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ቦዮቹ ጥልቀት የሌላቸው ይሆናሉ፣ ማሳውም ያለ ሰብል ደርቆ አይከርምም። ቀደም ሲል ለብረት መርዛማነት የተመከረው ውሃ የማጠንፈፍ ዘዴም በዚህ አፈር ላይ አይሠራም። የመጀመሪያው ዝናብ አሲዱን አጥቦ እንዲወስድ ውሃው በተደጋጋሚ ገብቶ ይለቀቃል፣ ከዚያም ችግኝ ከመተከሉ ቀደም ብሎ ማሳው በውሃ ይሸፈናል። በጊኒ ቢሳውና በአካባቢዋ ያሉ የማንግሮቭ (በባሕር ዳርቻ ረግረግ የሚበቅል ዛፍ) መሬት ላይ ሩዝ የሚያለሙ አምራቾች በበጋ የባሕር ውሃ ወደ ማሳቸው በማስገባት አፈሩ እንዳይደርቅ ያደርጉና ጨውን በክረምቱ ዝናብ ያጥቡታል። ታጥቦ የሚወጣው አሲዳማ ውሃ ዓሣን ይገድላል፤ ስለዚህ ወደ ዓሣ ኩሬ ወይም ሌላው ገበሬ ወደሚጠቀምበት መስኖ መልቀቅ አይገባም። ኖራ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በአነስተኛ መጠንና ከፎስፎረስ ማዳበሪያ ጎን ለጎን ነው።

ስምንተኛ፦ ውጤቱን መከታተልና መልሶ ማከም

ኖራ በሚጨመርበት ዓመት በማሳው ውስጥ አምስት ሜትር ስፋት ያለው አንድ ሰቅ ኖራ ሳይነካው ይተዋል። ዝርያው፣ ማዳበሪያውና አረሙ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ይደረጋል። በበቀለ በወሩ ከሁለቱም ጥቂት ተክሎች ተነቅለው ሥራቸው ጎን ለጎን ይታያል፤ በመከር ጊዜም ምርታቸው ለየብቻ ይመዘናል። በሰቁና በቀረው ማሳ መካከል የሥርም የምርትም ልዩነት ካልታየ ሰብሉን የያዘው አሲዱ አልነበረም ማለት ነው፤ ቀጣዩ ወጪ ወደ ፎስፎረስ፣ ወደ ዚንክ ወይም ወደ ውሃ አያያዝ ይዙር።

አፈሩ ከዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሦስት ዓመቱ በዚያው ወቅትና በዚያው ጥልቀት እንደገና ይመረመራል። አሲዳማነት ተመልሶ የሚመጣበት ዋናው መንገድ አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያ ነው። በደረቅ ማሳ ላይ በዩሪያ መልክ የሚሰጥ እያንዳንዱ ኪሎ ናይትሮጂን የሚፈጥረውን አሲድ ለማርከስ በተለምዶ 1.8 ኪሎ ካልሲየም ካርቦኔት ይታሰባል፤ በአሞኒየም ሰልፌት መልክ ከሆነ 5.4 ኪሎ። በዓመት በሄክታር 100 ኪሎ ናይትሮጂን ከዩሪያ የሚጠቀም አምራች በአምስት ዓመት 900 ኪሎ፣ በአሞኒየም ሰልፌት የሚጠቀመው ደግሞ 2,700 ኪሎ ካልሲየም ካርቦኔት የሚያክል የማርከስ አቅም ከአፈሩ ያጠፋል። ዘወትር ውሃ በሚተኛበት ማሳ ላይ አሞኒየሙ ወደ ናይትሬት የመለወጥ ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ ጉዳቱ ከዚህ ያነሰ ነው። በደረቁ ማሳ ላይ ፒኤቹ ከ5.0 በታች ሲወርድ ወይም አልሙኒየሙ ከሕክምናው በፊት ወደነበረበት መጠን ሲቃረብ፣ አዲሱ መጠን ከአምስተኛው ክፍል ስሌት ይጀምራል፤ የቀድሞው የኖራ መጠን በልማድ አይደገምም።